መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓይሆል ለምን ይቆማል? ከሶኬት እስከ ስልክ ደረጃ በደረጃ

«አቦ ኢንተርኔቱ ሞተ! ያ ያስገባህልኝ እቃ ነው የገደለው።»

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የምትኖረው አክስቴ ደውላ እንዲህ አለችኝ። ጠዋት መብራት ሄዶ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ዋይፋዩ ሙሉ ነው፤ ግን አንድም ገጽ አይከፈትም። «ቴሌግራምስ?» አልኳት። «እሱ ይሠራል» አለች። ያኔ የመልሱን ግማሽ አገኘሁ።

እቃው ራስበሪ ፓይ 3 ነው። መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ናት። በውስጧ ፓይሆል የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ይሠራል። ሥራው ቤት ውስጥ ላሉ ስልኮችና ለቲቪው ማስታወቂያ መዝጋት ነው። ለአክስቴ ያስገባሁላት በትንሹ ልጇ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የሚጫወተው ጌም በየሁለት ደቂቃው የውርርድ ማስታወቂያ ያመጣበት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «አሁኑኑ አሲዝ» እየተባለ ሲያድግ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ፓይሆል በቆመ ቁጥር ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት ለእኔ መፍትሔ አይደለም።

የጥቂት ጓደኞቼንም ፓይሆል እኔ ነኝ የምጠግነው። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ያየሁት ነገር ይመሳሰላል። አብዛኛው ችግር የሚጀምረው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሰው ግን መጀመሪያ የሚነካው ሴቲንጉን ነው። ከዚያ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ከሶኬቱ ተነስቶ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ምንም አይነቀልም፣ ምንም እንደ አዲስ አይጫንም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትእዛዞቹን በድምፃቸው በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። እናንተ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው።

የጠፋው መንገዱ ነው ወይስ ጠቋሚው?

ድሬ ውስጥ የሰው ቤት የሚገኘው በቁጥር አይደለም። ባጃጁ ሰፈሩ ድረስ ያደርሳችኋል። ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ «የእገሌ ቤት የቱ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ኢንተርኔት ላይም እንዲሁ ነው። ስልካችሁ የአንድን ገጽ ስም ይዞ ይመጣና «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የሚመልሰው ዲኤንኤስ ይባላል። ፓይሆል የቤታችሁ ባለሱቅ ነው። ለዩቲዩብ ትክክለኛውን ቁጥር ይነግራል። ለማስታወቂያ አከፋፋይ ግን 0.0.0.0 ብሎ ይመልሳል፤ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም እንደማለት ነው።

ባለሱቁ ከዘጋ መንገዱ ክፍት ሆኖ እንኳ ቤቱን የሚያገኝ የለም። ቴሌግራም ግን ሰርቨሮቹን በቁጥር ስለሚያውቃቸው ባለሱቅ ሳይጠይቅ ይደርሳል። ለዚህ ነው አክስቴን መጀመሪያ ስለ ቴሌግራም የጠየቅኳት። ቴሌግራም እየሠራ ብራውዘሩ ካልከፈተ የሞተው ኢንተርኔቱ አይደለም።

እርግጠኛ ለመሆን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ይህን አድርጉ። የዋይፋዩን ስም ነክታችሁ ዝርዝር ሴቲንጉን ክፈቱ። የአይፒ ሴቲንጉን ወደ ስታቲክ ቀይሩና ዲኤንኤስ 1 የሚለው ላይ የጎግልን ዲኤንኤስ ቁጥር 8.8.8.8 ጻፉ። ገጾች ከተከፈቱ ችግሩ ፓይዋ ጋ ነው፤ ወደ ታች ቀጥሉ። ካልተከፈቱ ግን መስመሩ ራሱ ነው የጠፋው። ፓይዋን አትንኳት። ሲመጣ ይመጣል።

ሙከራውን ስትጨርሱ ስልኩን ወደ ነበረበት መልሱ። ይህን የረሳ ጓደኛ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ «የእኔ ስልክ ላይ ብቻ ማስታወቂያው አልጠፋም» ሲል ቆየ።

ሶኬቱና ቻርጀሩ

ፓይዋን ቀርባችሁ እዩዋት። ቀይዋ መብራት ኤሌክትሪክ እንዳለ ትናገራለች። አረንጓዴዋ ሚሞሪ ካርዱ ሲነበብ ብልጭ ትላለች።

ቀይዋ ከጠፋች ወይም እየበራች እየጠፋች ከሆነ ኃይሉ አይበቃም ማለት ነው። ራስበሪ ፓይ 5 ቮልት ነው የምትፈልገው። ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ መብራቷ ታስጠነቅቃለች። ፓይ 3 የ2.5 አምፔር ቻርጀር፣ ፓይ 4 ደግሞ የ3 አምፔር ቻርጀር ይፈልጋሉ። እኛ ግን የምንሰካላት ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ስልክ የተረፈውን ነው። ብዙ አሮጌ የስልክ ቻርጀር 1 አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው። ቀን ቀን ሊያሠራት ይችላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ማራገቢያ ሲያበራ ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። ደካማው ቻርጀር ያኔ ነው የሚከዳው።

ገመዱንም አትርሱ። ቀጭንና ረጅም ገመድ በመንገድ ላይ ቮልት ይበላል። አሸዋ ገበያ ሄዳችሁ ቻርጀር ስትገዙ አጭርና ወፈር ያለ ገመድ ጠይቁ። እኔ ከምንም ነገር በላይ ገንዘብ አውጡበት የምለው በዚህ ላይ ነው።

ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ፓይዋ ውስጥ ገብታችሁ ትእዛዝ መጻፍ ከቻላችሁ ራሷን መጠየቅ ይቻላል። ቪሲጄንሲኤምዲ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ ፊደላቱ ቪ፣ ሲ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ናቸው። ቀጥሎ ጌት እና ትሮትልድ የሚሉትን ቃላት በግርጌ ሰረዝ አያይዙ። መልሱ 0ኤክስ0 ከሆነ ሰላም ነው። 0ኤክስ50000 ካለ ከተነሳች ወዲህ ኃይል አንሷት ያውቃል። 0ኤክስ50005 ካለ አሁንም እያነሳት ነው። ይህን ሳታስተካክሉ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ። ኃይል ባነሳት ፓይ ላይ የምታዩት ሌላ ምልክት ሁሉ ሊያሳስታችሁ ይችላል።

ቀይዋ በርታ አረንጓዴዋ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰች ፓይዋ ከካርዱ መነሳት አልቻለችም። ነቅላችሁ ካርዱን አውጡና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። እምቢ ካለች ካርዱ ተበላሽቷል። እየጻፈ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ካርድ የሚገጥመው ነገር ነው። ስለ ካርድ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ ሙቀት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የድሬ ሙቀት ያሳስባል፤ ግንቦትና ሰኔ ጥላ ውስጥ እንኳ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ፓይዋ ግን 80 ዲግሪ ገደማ ስትደርስ ፍጥነቷን ትቀንሳለች እንጂ ወዲያው አትጠፋም። የዲኤንኤስ ሥራም ቀላል ነው። ራውተሩ ላይ አትጫኗት፣ ቲቪ ጀርባ አትወሽቋት፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አታስቀምጧት። ይህ ይበቃል።

ባለሱቁ ቤት ቀይሮ ይሆን?

አክስቴ ቤት የተፈጠረው ይህ ነበር። እኔ ካየኋቸው ችግሮች ውስጥም ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው።

ራውተሩ ለእያንዳንዱ እቃ ቁጥር ያድላል። ፓይዋን 192.168.1.2 ብሏት ነበር እንበል። ስልኮቹን ሁሉ «ጥያቄ ካላችሁ 192.168.1.2 ጋ ሂዱ» ይላቸዋል። መብራት ሲሄድ ብዙ ራውተር ለማን የቱን ቁጥር እንደሰጠ ይረሳል። መብራት ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። ፓይዋ ቀስ ብላ ነው የምትነሳው። እሷ እስክትደርስ ቁጥሯን ቲቪው ወሰደባት። እሷ 192.168.1.7 ሆነች። ስልኮቹ ግን አሁንም ያንን ቁጥር ነው የሚጠይቁት። ቲቪ ደግሞ ስለ አድራሻ የሚያውቀው ነገር የለም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። በብራውዘር የፓይዋን ቁጥር ጻፉ፣ ቀጥሎ ስላሽ፣ ቀጥሎ አድሚን። የፓይሆል ገጽ ከመጣ ቁጥሯ አልተቀየረም። ካልመጣ የራውተሩን ገጽ ክፈቱ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ አለዚያ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። የተገናኙ እቃዎች ዝርዝር ውስጥ ራስበሪ ፓይ የሚል ስም ፈልጉ። ስም ካላሳየ የማክ አድራሻውን፣ ማለትም እቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣውን መለያ፣ እዩ። በቢ8-27-ኢቢ ወይም በዲሲ-ኤ6-32 የሚጀምር ካለ ፓይዋ እሷ ናት። ፓይ 3 ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ነው የምትጀምረው።

አገኛችኋት? አሁን ቁጥሯ ዳግም እንዳይቀየር አስሩላት። የተሻለው መንገድ ራውተሩ ላይ ነው። ራውተሩ ቁጥር የሚያድልበት ዲኤችሲፒ የሚባል ገጽ ውስጥ አድራሻ ማስያዣ ቦታ ፈልጉ። የማክ አድራሻዋንና ቁጥሯን እዚያ መዝግቡ። ከዚያ ራውተሩንም ፓይዋንም አጥፍታችሁ አብሩ።

አንዳንድ ራውተር ማስያዣ የለውም። ያኔ የሚታደለውን ቁጥር ከ192.168.1.50 እንዲጀምር አድርጉት። ፓይዋ ላይ ደግሞ 192.168.1.2 በእጅ ሙሉላት። ከ2023 ወዲህ በወጣው ራስበሪ ፓይ ኦኤስ ላይ ሱዱ ኤንኤምቲዩአይ ብላችሁ ስትጽፉ ቀላል ሜኑ ይከፈታል። ቁጥሩን እዚያው ትሞላላችሁ። ከ50 በታች ያለውን ራውተሩ ስለማያድል ማንም አይቀማትም።

ዲኤንኤሱን መቀየር ጭራሽ የማይፈቅድ ራውተርም አለ። እንዲያ ከሆነ የራውተሩን ዲኤችሲፒ አጥፍታችሁ ቁጥር የማደሉን ሥራ ለፓይሆል መስጠት ይቻላል። እኔ ግን ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው የማደርገው። ፓይዋ በቆመች ቀን አዲስ የሚመጣ ስልክ ዋይፋዩ ውስጥ መግባት እንኳ ያቅተዋል። አክስቴ ቤት እንግዳ አይጠፋም።

ሰዓቷ ወደኋላ ቀርቶ ይሆን?

ይህን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል። እናንተ ያን ያህል እንዳትደክሙ በደንብ ልንገራችሁ።

ፓይ 3 እና ፓይ 4 የራሳቸው ሰዓት ባትሪ የላቸውም። እየሠሩ ሳለ በየጊዜው ሰዓቱን ካርዱ ላይ ያስቀምጣሉ። ሲነሱ ከዚያ ይቀጥላሉ። ለሦስት ቀን ጠፍታ የቆየች ፓይ ስትነሳ ከሦስት ቀን በፊት ላይ ያለች ይመስላታል። ሰዓቷን የምታስተካክለው ኢንተርኔት ላይ ጠይቃ ነው። ለመጠየቅ ደግሞ የሰዓት ሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር መቀየር አለባት።

ብዙ ጊዜ ይህ ያለችግር ያልፋል። ዲኤንኤስሴክ የሚባለውን ማረጋገጫ ካበራችሁ፣ ወይም ፓይዋ ስሞችን ራሷ ፈልጋ እንድታጣራ የሚያደርገውን አንባውንድ የሚባል ሶፍትዌር አብራችሁ ከጫናችሁ ግን ነገሩ ይቆለፋል። ዲኤንኤስሴክ መልሶች ላይ ያለውን ፊርማ ያጣራል። ፊርማው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ገደብ አለው። ሰዓቷ ወደኋላ የቀረ ፓይ ትክክለኛውን ፊርማ «ገና ቀኑ አልደረሰም» ብላ ትጥለዋለች። ስም ካልተገኘ ሰዓት አይስተካከልም። ሰዓት ካልተስተካከለ ስም አይገኝም።

ምልክቱ ግልጽ ነው። የፓይሆል ገጽ ይከፈታል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ አንድም ስም ግን አይመለስም። ፓይዋ ላይ ዴት ብላችሁ ጻፉ። ቀኑ የትናንት ወይም የሳምንት በፊት ከሆነ ይኸው ነው። ለጊዜው ዲኤንኤስሴክን ከሴቲንግ አጥፉ። አንባውንድ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ፓይሆል ለጊዜው 8.8.8.8ን እንዲጠይቅ አድርጉ። ሰዓቱ ሲስተካከል ወደ ነበረበት መልሱ። ለዘለቄታው የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በቁጥር አስገቡ። የጎግል የሰዓት ሰርቨር ቁጥር 216.239.35.0 ነው። ታይምሲንክዲ በሚባለው የሰዓት አገልግሎት ፋይል ውስጥ ኤንቲፒ በሚለው መስመር ላይ ይጻፋል። ገንዘብ ካላችሁ ዲኤስ3231 የምትባል ትንሽ የሰዓት ሞጁል ከነባትሪዋ ፓይዋ ላይ ትሰካለች። ከዚያ በኋላ ይህ ችግር አይመለስም።

ሶፍትዌሩ ራሱ

እዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ከሆነ ፓይዋ ውስጥ ገብታችሁ ፓይሆል ስታተስ ብላችሁ ጠይቁ። የዲኤንኤስ ጥያቄ በሚገባበት በ53 ቁጥር በር ላይ እየሰማ መሆኑን ይነግራችኋል። ካልሰማ አስነሱት፤ ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት፣ ቀጥሎ ፓይሆል፣ ሰረዝ፣ ኤፍቲኤል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ብቻ በትልቁ ይጻፋሉ።

አልነሳ ካለ ሁለት ነገር አጣሩ። ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ብላችሁ ካርዱ መሙላቱን እዩ። 100 በመቶ ከሆነ ፓይሆል የሚያስቀምጠው የጥያቄዎች መዝገብ አጨናንቆት ሊሆን ይችላል። በሴቲንጉ ውስጥ መዝገብ የሚያቆይበትን ቀን ቀንሱ። ሁለተኛው፣ ኡቡንቱ ከጫናችሁ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ የሚባለው አገልግሎት 53ን አስቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል።

ተነስቶ ስሞችን እየመለሰ የሚዘጋው ነገር ከሌለ የማስታወቂያ ዝርዝሩ ተበላሽቷል። ፓይሆል፣ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ ጂ ብላችሁ እንደገና አውርዱት።

ይሠራል፣ ማስታወቂያው ግን ይመጣል

መጀመሪያ ከኮምፒውተር ላይ ኤንኤስሉክአፕ ብላችሁ አድ ዶት ደብልክሊክ ዶት ኔትን ጠይቁ። መጨረሻው ላይ የፓይዋን ቁጥር ጨምሩ። 0.0.0.0 ከመለሰ ፓይሆል ሥራውን እየሠራ ነው። አሁን ያለ ፓይዋ ቁጥር ድገሙት። ሌላ መልስ ከመጣ ኮምፒውተራችሁ ሌላ ባለሱቅ አለው።

ሌላው ባለሱቅ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ላይ ነው ያለው። ሰው ዲኤንኤስ 1 ላይ ፓይዋን ይጽፋል። ዲኤንኤስ 2 ላይ «ለመጠባበቂያ» ብሎ 8.8.8.8 ይጨምራል። ስልኮች ግን ሁለተኛውን የሚጠይቁት የመጀመሪያው ሲሞት ብቻ አይደለም። ደስ ያላቸውን ይጠይቃሉ። ያኔ ማስታወቂያው አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይመጣል። ሁለተኛውን ባዶ ተዉት፤ ራውተሩ ባዶ ካልተቀበለ የፓይዋን ቁጥር ድገሙበት።

ቀጥሎ ስልኩ ነው። አንድሮይድ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ሴቲንግ አለ። እዚያ የሌላ አገልግሎት ስም ከተጻፈ ስልኩ ፓይሆልን ይዘለዋል። አጥፉት ወይም አውቶማቲክ አድርጉት። ክሮም ውስጥም ሴኪዩር ዲኤንኤስ የሚል ተመሳሳይ ነገር አለ። ራውተሩ አይፒቪ6 የሚባለውን አዲሱን የቁጥር ዓይነት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል የራሱን ዲኤንኤስ ያድላል። የማትጠቀሙበት ከሆነ መዝጋቱ ይቀላል። ዳታ ላይ ያለ ስልክ ከቤት ውጭ እንዳለ ነው፤ ፓይሆል አይደርስበትም።

የዩቲዩብን ማስታወቂያ ፓይሆል አይዘጋም። ማስታወቂያውም ቪዲዮውም ከአንድ ቦታ ስለሚመጡ አንዱን መዝጋት ሌላውን መዝጋት ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ውስጥ ያለውም እንዲሁ። በዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ሲበዛበት

አንዳንዴ ደግሞ የሚያስፈልገውን ይዘጋል። የባንክ አፕ አልከፍት ይላል፣ የልጅ ትምህርት ገጽ ባዶ ይሆናል። የፓይሆልን የጥያቄ መዝገብ ክፈቱና አፑን አስነሱ። በቀይ የሚመጣውን ስም አይታችሁ ፍቀዱለት። አንድ በአንድ ፍቀዱ፤ ዝርዝሩን በሙሉ አታጥፉ።

መዝገቡ ላይ ሰዓቱ ያምታታል። ፓይዋ ስትጫን የለንደንን ሰዓት ይዛ ልትመጣ ትችላለች። የሰዓት ቀጠናዋን አዲስ አበባ አድርጉት። ከዚያም በኋላ የምትቆጥረው በ24 ነው፤ የማታ 2 ሰዓት መዝገቡ ላይ 20 ሰዓት ነው።

ማታ ማታ ብቻ ሁሉም ነገር ለደቂቃ ቀጥ የሚል ከሆነ ገደቡን እዩ። ፓይሆል ከአንድ እቃ በ60 ሰከንድ ከ1000 በላይ ጥያቄ ሲመጣበት መመለሱን ለጊዜው ያቆማል። ለአንድ ስልክ ይህ ብዙ ነው። ራውተሩ የሁሉንም ጥያቄ ተቀብሎ በራሱ ስም የሚያስተላልፍ ከሆነ ግን ቤቱ በሙሉ እንደ አንድ እቃ ይቆጠራል። መዝገቡ ላይ ከራውተሩ ቁጥር በቀር ሌላ ካላያችሁ ይኸው ነው። ራውተሩ የፓይዋን ቁጥር ለስልኮቹ በቀጥታ እንዲሰጥ አድርጉ። ይህ ሴቲንግ ያለው የዲኤችሲፒ ገጽ ላይ እንጂ የኢንተርኔት ገጽ ላይ አይደለም።

ለቀጣዩ መብራት መሄድ

ሁሉም ሲስተካከል ቴሌፖርተር በሚለው የሴቲንግ ገጽ ላይ ግልባጭ አውርዳችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩ። ካርድ ሲሞት አዲስ ካርድ ላይ ፓይሆልን ጭናችሁ ግልባጩን ታስገባላችሁ፤ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያሠራው፣ ለራውተርና ለካሜራ የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ 5 ቮልት መውጫ ካለው ራውተሩንም ፓይዋንም ይይዛል። ሁለቱን ሲያሠራ ፓይዋ ኃይል እንዳላነሳት በዚያው ትእዛዝ አጣሩ። ፓወር ባንክ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሞክሩት። ብዙ ፓወር ባንክ መብራት ሲሄድ ለቅጽበት ኃይል ያቋርጣል፤ ያቺ ቅጽበት ፓይዋን ታጠፋታለች።

አክስቴ ቤት ራውተሩ ጎን ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ። አራት መስመር ነው። ቴሌግራም ይሠራል ወይ? ቀይዋ መብራት በርታለች ወይ? ካልሆነ ሁለቱንም አጥፍተሽ መጀመሪያ ራውተሩን፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፓይዋን አብሪ። እምቢ ካለ ስልክሽ ላይ 8.8.8.8 ጻፊና ደውዪልኝ። ሰኔ ውስጥ መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። አንድም ጊዜ አልደወለችም፤ ወረቀቱን እያነበበ የሚያስተካክለው ያ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ነው።